የማይሰን የወይን ቅጠል ገበታ ዕቃ፦ አመራረጥ፣ ምርመራና አያያዝ

በነጭ ፖርሴሊን ሳህን ጠርዝ ዙሪያ አረንጓዴ የወይን ቅጠል ከነሐረጉ ተጠምጥሞ የተሣለበት የገበታ ዕቃ በጀርመንና በአጎራባች አገሮች የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች፣ በጨረታ ቤቶችና በውርስ በሚሸጡ የቤት ዕቃዎች መካከል ደጋግሞ ይገኛል። የሥዕሉ መነሻ በጀርመን ሳክሶኒ ግዛት የሚገኘው የማይሰን ፖርሴሊን ፋብሪካ ቢሆንም፣ ቅጠሉ ስለተወደደ ሌሎች ፋብሪካዎችም እየቀዱ ሠርተውታል። ስለዚህ ገዢው ከፊቱ ያለው ሳህን የትኛው እንደሆነ፣ ጤነኛ ይሁን የተጠገነ፣ ከገዛው በኋላም እንዴት እንደሚይዘው ማወቅ ይኖርበታል።

አብዛኛው ሰው አሮጌ ሳህን ሲያነሳ መጀመሪያ ገልብጦ የታችኛውን ምልክት ይፈልጋል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ምልክት ከዕቃው ሁሉ ለመቅዳት የሚቀለው ክፍል ነው፤ ቅጠሉ ግን አሠራሩን በቀላሉ አይደብቅም። ስለዚህ ቅጠሉ አስቀድሞ ይመርመር፤ ምልክቱ ቅጠሉ የመሰከረውን ለማጽናት ወይም ለመጠርጠር ኋላ ይታይ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከምርመራው በፊት፦ አረንጓዴው ቀለም ከየት መጣ?

የማይሰን ፋብሪካ የተመሠረተው የሳክሶኒ ገዢና የፖላንድ ንጉሥ በነበረው በኃያሉ አውግስጦስ ትእዛዝ በ1710 ሲሆን፣ ሥራው የሚካሄደው በአልብሬሽትስቡርግ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። እስከዚያ ድረስ አውሮፓ እውነተኛውን ጠንካራ ፖርሴሊን የምታገኘው ከቻይናና ከጃፓን ነበር። ፋብሪካው በመጀመሪያው መቶ ዓመት ከልባሱ በታች ለመሣል በዋናነት የሚተማመንበት ቀለም የኮባልት ሰማያዊ ነበር። ልባስ የምንለው ሳህኑን የሚያንጸባርቅ የሚያደርገውን የመስታወት ሽፋን ነው። ይህ ልባስ የሚቀልጠው ወደ 1400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት በመሆኑ፣ የዘመኑ አረንጓዴ ቀለሞች ያን እሳት አይችሉም ነበር። አረንጓዴ ሲፈለግ ልባሱ ከተተኮሰ በኋላ በላዩ ላይ ተሥሎ ዝቅ ባለ ሙቀት እንደገና ይተኮስ ነበር።

ሁኔታውን የለወጠው ክሮሚየም ነው። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሉዊ ኒኮላ ቮክላን ይህን ንጥረ ነገር በ1797 አገኘው። በ1814 ማይሰን የገባው ሃይንሪሽ ጎትሎብ ኩን ደግሞ በ1817 ከክሮሚየም ኦክሳይድ ከልባስ በታች የሚሆን አረንጓዴ ቀለም ሠራ። የወይን ቅጠሉ አክሊል የተነሣው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ ንድፉም የፋብሪካው ሠዓሊ የዮሐን ሳሙኤል አርንሆልድ ሥራ እንደሆነ ይነገራል። ለገዢ የሚጠቅመው ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው፦ አረንጓዴው ቅጠል ከልባሱ በታች ያለበትን ሳህን ሻጩ «የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው» ካለ፣ የታችኛው ምልክት ምንም ይምሰል ምን አባባሉ አይጸናም።

ለምርመራው አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር፣ የእጅ ባትሪ፣ ከተቻለ የአልትራቫዮሌት ባትሪና ለስላሳ ጨርቅ ይያዙ። ሻጩን ሳያስፈቅዱ አይጀምሩ። ቀለበትና የእጅ አምባርም ያውልቁ፤ በምርመራ ላይ ሳህን የሚጭረው አብዛኛውን ጊዜ የመርማሪው ጌጥ ነው።

ደረጃ አንድ፦ ቅጠሉን በብርሃን መመርመር

ሳህኑን በሁለት እጅ ይዘው ወደ መስኮት ይጠጉ፣ ዘንበል ያድርጉትና የመስኮቱ ነጸብራቅ በላዩ ላይ ሲንሸራተት ይከታተሉ። ቀለሙ ከልባሱ በታች ከሆነ ነጸብራቁ ከነጩ ወደ ቅጠሉ፣ ከቅጠሉም ተመልሶ ወደ ነጩ ሳይሰበርና ሳይደበዝዝ ያልፋል፤ ዓይንዎን ጨፍነው ጣትዎን ቢያስኬዱበት ቅጠሉ የት ላይ እንደሚጀምር አይለዩም። ቀለሙ ከልባሱ በላይ ከሆነ ግን ነጸብራቁ የቅጠሉ ዳር ላይ ሲደርስ ይሰናከላል፣ ጥፍርም ቀጭን ከፍታ ሊነካ ይችላል። ቢላዋ ደጋግሞ ባረፈበት ስፍራ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል፦ ከላይ የተቀባው ቅጠል ራሱ ተፍቆ ይታያል፤ ከታች የተሣለው ግን ጭረቱ በልባሱ ላይ ቢኖርም አረንጓዴው እንዳለ ነው።

ቀጥሎ በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። በማይሰን አሠራር ሳህኑ መጀመሪያ በዝቅተኛ ሙቀት ይተኮስና ገና ልባስ ሳይነካው ሥዕሉ ይሣልበታል። የቅጠሎቹ አቀማመጥ እንዳይዛነፍ በመርፌ ከተበሳ ወረቀት ላይ የከሰል ዱቄት በመንካት ቀጭን ምልክት ይተላለፋል፤ ከሰሉ በምድጃ ውስጥ ተቃጥሎ ስለሚጠፋ ከእጅ ሥዕሉ በቀር የሚቀር ነገር የለም። በዚህ ጊዜ ሳህኑ ገና ውሃ መጣጭ ስለሆነ ድርቆሽ ወጥ እንደሚመጥ ቀለሙን ብሩሹ እንደነካው ወዲያው ይጠጣዋል፤ ሠዓሊው ማጥፋትም ሆነ ማረም አይችልም።

ከዚህ የተነሣ እውነተኛው ቅጠል የእጅ ምስክር አለው። ብሩሹ ያረፈበት ጫፍ ጠቆር ብሎ ወደ መጨረሻው ይሳሳል፤ የቅጠሉ ጅማቶች ጥቁረት ባለው መስመር ይሳባሉ፤ ሐረጉ ሲጠመዘዝ መስመሩ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል። ሁለት ሳህኖችን ጎን ለጎን አስቀምጠው አንድን ቅጠል በተመሳሳይ ቦታ ካለው ቅጠል ጋር ያስተያዩ። አቀማመጣቸው አንድ ሆኖ አሣሣላቸው ትንሽ ከተለያየ መልካም ነው። ከመንገዱ በጥቂቱ ያለፈ ሐረግ ወይም አንዱ ወገን የደመቀ ቅጠል ጉድለት ሳይሆን ማረጋገጫ ነው። በኅትመት የተላለፈ ሥዕል ግን በመነጽሩ ሥር እኩል መጠን ባላቸው ነጥቦች ወይም ውፍረታቸው በማይለወጥ መስመሮች ተሞልቶ ይታያል። በተለይ በጠርዙ ዙሪያ የታተመው ወረቀት ሁለት ጫፎች የተገናኙበትን ቦታ ይፈልጉ፤ እዚያ ላይ አንድ ቅጠል በግማሹ ተቆርጦ ወይም ተደርቦ ከተገኘ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

የአረንጓዴው ድምቀት ከሳህን ሳህን መለያየቱ አያስደንግጥዎ። ከተለያዩ ዓመታትና ከተለያዩ ምድጃዎች የተሰባሰበ ስብስብ አንዱ ወደ ቢጫ፣ ሌላው ወደ ጥቁር አረንጓዴ ሊያደላ ይችላል፤ ይህ ብቻውን የሐሰተኛነት ምልክት አይደለም።

ደረጃ ሁለት፦ የሳህኑን አካል ማየት

ባትሪውን ከሳህኑ ጀርባ አብርተው ጣትዎን በመካከሉ ያሳልፉ። ፖርሴሊን ከሆነ በስሱ በኩል የጣትዎ ጥላ ይታያል። ብርሃን የማያሳልፍና መልኩ ወደ ክሬም የሚያደላ ከሆነ ፖርሴሊን ሳይሆን ጥራት ያለው ሸክላ ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ የሚያደናግራቸው የእንግሊዙ የዌጅዉድ ፋብሪካ «ናፖሊዮን አይቪ» በሚል ስም የሚታወቀው ሳህን ነው፤ እርሱም በጠርዙ አረንጓዴ የሐረግ ቅጠል አለው፣ ነገር ግን አካሉ ክሬማማ ሸክላ ነው፣ ቅጠሉም የወይን አይደለም። በራሱ ቦታ የተከበረ ዕቃ ነው፤ በማይሰን ዋጋ መግዛት ብቻ ነው ስሕተቱ።

ከዚያ ሳህኑ የሚቆምበትን የታች ቀለበት ይዳስሱ። ምድጃ ውስጥ እንዳይጣበቅ ልባሱ የተነሣበት ይህ ክፍል የፖርሴሊኑን እውነተኛ ሥጋ ያሳያል፤ በጠንካራ ፖርሴሊን ላይ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ ይገኛል። ፖርሴሊን በእሳት ውስጥ ከመጠኑ አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሚኮማተር የአንድ ስብስብ ሳህኖች በጥቂት ሚሊ ሜትር መለያየታቸውና አንዳንዱ በጠረጴዛ ላይ በመጠኑ መወዛወዙ የተለመደ ነው። እንዲያውም ደርዘኑ በሙሉ አንዲት ሚሊ ሜትር ሳይዛነፍ እኩል ከሆነ ዕድሜውን እንደገና መጠየቅ ይገባል።

ደረጃ ሦስት፦ አሁን ምልክቱን ያንብቡ

የማይሰን ምልክት ሁለት የተመሳቀሉ ሰይፎች ሲሆን ከ1720ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ ላይ ውሏል። በእጅ በኮባልት ሰማያዊ ከልባሱ በታች ይሣላል፤ ስለዚህ በቅጠሉ ላይ ያደረጉትን የነጸብራቅ ፍተሻ እዚህም ይድገሙት። ከልባሱ በላይ የተቀመጠ፣ በጥፍር የሚነካ ወይም በማኅተም የተመታ የሚመስል ሰይፍ ጥርጣሬ ይገባዋል።

ሰይፎቹ እንደ ዘመኑ ጥቃቅን ለውጥ አላቸው። በሰይፎቹ እጀታ መካከል ኮከብ ካለ ማርኮሊኒ ፋብሪካውን ያስተዳደረበትን ከ1774 እስከ 1814 ያለውን ዘመን ያመለክታል፤ ከልባስ በታች ያለው አረንጓዴ ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣ በመሆኑ ኮከብና የወይን ቅጠል በአንድ ሳህን ላይ ከተገናኙ ሳህኑን መልሶ ማስቀመጥ ነው የሚሻለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽና እስከ 1924 ድረስ በተሠሩት ላይ የእጀታዎቹ ጫፍ እንደ እንቡጥ ደብለል ይላል። ከ1924 እስከ 1934 ባለው፣ በፋብሪካው ዳይሬክተር በፋይፈር ስም በሚጠራው ዘመን በሰይፎቹ ስለት ጫፎች መካከል ነጥብ ገብቷል። በገበያ ላይ ደጋግመው የሚያገኙት ባለ እንቡጡን ነው።

በሰይፎቹ ላይ በመንኮራኩር የተፋቁ አጫጭር መስመሮች ካሉ፣ ፋብሪካው ዕቃውን ከአንደኛ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ወይም ሥዕል ሳይሣልበት በነጩ እንደሸጠው ይጠቁማሉ። መስመሮቹን በጥፍር መንካት ይቻላል፤ ሻጮች አንዳንዴ ቀለም ወይም ሰም ስለሚሞሉባቸው ቦታውን በመነጽር ይመልከቱ። ነጩን ገዝቶ በውጭ ማሣል የተለመደ ስለነበር፣ መስመር ያለበትና ቅጠሉ ከልባስ በላይ የሆነ ሳህን ሰይፉ እውነተኛ፣ ሥዕሉ ግን የሌላ እጅ ሊሆን ይችላል።

«ማይሰን» የሚለው ስም በፊደል ስለተጻፈም አይታለሉ። በማይሰን ከተማ ሌሎች ፋብሪካዎችም ነበሩ፤ ለምሳሌ የታይሸርት ፋብሪካ የከተማውን ስም በምልክቱ ላይ ይጽፍ ነበር። የንጉሡ ፋብሪካ ሰይፎቹን በንግድ ምልክትነት ያስመዘገበው በ1875 ሲሆን፣ ሰይፍ መሳይ ምልክት የሚጠቀሙ ግን ከዚያ በኋላም አልጠፉም። የአገር ስም የተጻፈበት ዕቃ ሲገኝ ደግሞ አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ የተሠሩበት አገር እንዲጻፍ ማስገደዷን ያስታውሱ፤ ጽሑፉ ከዚያ ወዲህ መሠራቱን ይጠቁማል።

ደረጃ አራት፦ የተደበቀ ጉዳት መፈለግ

ሳህኑን በጣቶችዎ ጫፍ ላይ አሳርፈው ጠርዙን በጥፍር ቀስ ብለው ይምቱ። ጤነኛው ጥርት ብሎ ያቃጭላል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ታፍኖ ወዲያው ይሞታል። ክዳን ወይም እጀታ ባላቸው ዕቃዎች ላይ ይህ ፍተሻ አያስተማምንም። ለእነርሱ ባትሪውን በውስጥ በኩል አድርጎ እንደ ጸጉር የቀጠነ መስመር መፈለግ ይሻላል። እጀታውና ገላው የተጋጠሙበትን ቦታ አይዝለሉ።

የተጠገነን ክፍል ለማግኘት ጨለማ ክፍል ውስጥ አልትራቫዮሌት ባትሪ ያብሩ። ለጥገና የሚውሉት ሙጫዎችና ቀለሞች አብዛኛውን ጊዜ ከቀድሞው ልባስ በተለየ መልክ ያበራሉ፤ ጠፍጣፋ ነጭ ቦታ ወይም ጭጋግ መሳይ ክብ ከታየ ሥፍራውን በመነጽር ይመርምሩ። ባትሪ ከሌለ ጣት ይበቃል፦ የተቀባው ቦታ ከፖርሴሊኑ ይልቅ ሞቅና ለስለስ ይላል። ጠርዙንም በአንድ ዙር በጣትዎ ይከተሉ፤ የተሸረፈ ጠርዝ ተሞርዶ ሲስተካከል ክቡ በዚያ በኩል በጥቂቱ ይጎድላል። በአንድ ወገን ብቻ አዲስ የሚመስል የወርቅ መስመርም ሽርፍራፊ ሊሸፍን ይችላል። መርፌ ወይም አሴቶን መሞከር ግን የሌላ ሰው ንብረት ማበላሸት ነውና አይደረግ።

ደረጃ አምስት፦ ስብስቡንና ወሬውን መመዘን

የወይን ቅጠሉ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተጀመረና ለረጅም ዘመን የተሠራ ንድፍ ስለሆነ የጎደለ ጠፍጣፋ ሳህን ቀስ ብሎ ማሟላት ይቻላል። ክዳን የጠፋበት የሾርባ ማቅረቢያ ግን ለዚያው ገላ የሚገጥም ክዳን ማግኘት እጅግ ከባድ ነው፤ መጠኑ በምድጃ ውስጥ ስለሚለወጥ የአንዱ ለሌላው አይገጥምም። ስለዚህ ሦስት ሳህን የጎደለውን ስብስብ ይግዙ፤ ክዳን የጎደለውን ግን የሳህኖቹን ዋጋ ብቻ ይክፈሉበት።

ሻጩ ከዕቃው ጋር ታሪክ ቢጨምር ያዳምጡ፣ ዋጋ ግን አይክፈሉበት። የእንግሊዙ የዉስተር ፋብሪካ የጽጌረዳ ቅጠል በጎልህ ያወጣባቸው ሳህኖች «ዓይነ ስውሩ ኧርል» በሚል ስም ይጠራሉ፤ ዓይኑን ያጣው የኮቨንትሪ ኧርል (ኧርል የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረግ ነው) በጣቱ እየዳሰሰ እንዲደሰትበት ተሠራለት ይባላል። ሰውየው ዓይኑን ያጣው በ1780 በአደን ላይ በደረሰ አደጋ ሲሆን፣ ሳህኑ ግን ቀድሞ በ1750ዎቹ ይሠራ ነበር። ያማረ ታሪክ ነው፣ ግን ዘመኑ አይገጥምም።

ደረጃ ስድስት፦ ማጠብ

የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይክተቱት። የማሽን ሳሙና ብርቱ አልካሊ ስለሆነ የወርቁን ጠርዝ ቀስ በቀስ ይበላል፣ ልባሱንም ያደበዝዛል፤ አረንጓዴው ከልባሱ በታች ስለሆነ ለጊዜው ሳይነካ ቢቆይም በላዩ ያለው መስታወት ብሩህነቱን ካጣ ቅጠሉም አብሮ ይፈዝዛል። ከልባስ በላይ ለተሣሉ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ለፈረንሳዩ የሴቭር ፋብሪካ ባለ ጎመን ቅጠል ጠርዝ ሳህኖች፣ ማሽኑ ከዚህም የከፋ ነው።

የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ፎጣ አንጥፈው ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ለዘብተኛ ሳሙና ያድርጉ፣ አንድ በአንድ ይጠቡ። የቧንቧውን አፍ ወደ ጎን ያዙሩት፤ ሳህን የሚሸረፈው እርሱን ሲገጭ ነው። የተጠገነ ዕቃ አይዘፍዝፉ፣ በርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል። በወርቁ ላይ ኮምጣጤም በረኪናም አይንካ። አረንጓዴውን ቀለም የሠራው ኩን ራሱ የፈለሰፈው ሳይወለወል የሚያበራው ፈሳሽ ወርቅ በጣም ስስ ስለሆነ በሸካራ ስፖንጅ ሲፈተግ ሳይታሰብ ያልቃል።

በሳህኑ መካከል የሚታዩት ግራጫ መስመሮች ሁሉ ጭረት አይደሉም፤ ብዙዎቹ ቢላዋው በልባሱ ላይ ጥሎት የሄደ ብረት ናቸው። ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለውሰው በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብለው ቢያሹት ይለቃል፤ ወርቁንና ከልባስ በላይ ያለ ሥዕልን ግን አያስነኩ። በጸጉር ስንጥቅ ውስጥ የገባ ቡናማ እድፍ ካለ፣ ዕቃው ያልተጠገነና ወርቅ በአቅራቢያው የሌለ መሆኑን አረጋግጠው፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያራሰ ጥጥ በመስመሩ ላይ አኑረው በፕላስቲክ ይሸፍኑት። ጥጡ እንዳይደርቅ እየተካ ጥቂት ቀናት ይፈጃል። እድፉ ይነጣል እንጂ ስንጥቁ አይድንም።

ደረጃ ሰባት፦ በገበታ ላይ

ጤነኛ የሆነ፣ ሥዕሉ ከልባስ በታች ያለ ሳህን ለመብል ሊውል ይችላል። የጠንካራ ፖርሴሊን ልባስ ፌልድስፓር ከተባለ ማዕድን የሚሠራ እንጂ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት ልባስ አይደለም። ከልባስ በላይ የተሣሉ አሮጌ ዕቃዎች ቀለማቸው እርሳስ ሊይዝ ስለሚችል ግን ሎሚ፣ ቲማቲምና ሆምጣጤ ያለበትን ምግብ አያቆዩባቸው፤ ለጌጥ ቢቀመጡ ይመረጣል። ወጥ ለማቅረብ ከፈለጉ በርበሬና እርድ የነካው ዘይት ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ለማውጣት አስቸጋሪ እንደሆነ ያስቡና የተሰነጠቀውን ለፍራፍሬ ይተዉት። ከምድጃ የወረደ የፈላ ወጥ በቀዝቃዛ ሳህን ላይ አይገልበጥ፤ አስቀድሞ በሞቀ ውሃ ለብ ይበል። ወርቅ ያለበት ዕቃ ማይክሮዌቭ ውስጥ የእሳት ብልጭታ ይፈጥራል።

ደረጃ ስምንት፦ ማስቀመጥና መላክ

ሳህኖችን ሲደራርቡ በየመካከላቸው ለስላሳ ጨርቅ ወይም ነጭ ወረቀት ያድርጉ፤ የታች ቀለበቱ ልባስ ስለሌለው ከሥሩ ያለውን ሳህን ፊት ይሞርዳል። ቁልሉ ከስምንት ባይበልጥ ይሻላል። ስኒ በእጀታው አይንጠልጠል፣ አንዱም በሌላው ውስጥ አይቀመጥ። ለግድግዳ የሚሸጡት ባለ ስፕሪንግ ሽቦዎች ጠርዙን ይጨምቃሉ፤ ቀድሞ የተሰነጠቀውን ይጨርሱታል።

ከአውሮፓ ወደ አገር ቤት የሚላክ ከሆነ ሳህኖቹ በሳጥኑ ውስጥ ተኝተው ሳይሆን በጠርዛቸው ቆመው ይታሸጉ፤ ከታች የሚመጣን ምት በዚህ አኳኋን የተሻለ ይችሉታል። ክዳን ከገላው ተለይቶ ለብቻው ይጠቅለል፤ የሾርባ ማቅረቢያው ውስጥ ወረቀት ይሞላ፣ ክብደት ያለው ነገር ግን አይግባበት። የመጀመሪያው ሳጥን ከሁሉም ወገን ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር መከላከያ ተደርጎለት ሁለተኛ ሳጥን ውስጥ ይግባ፤ ሲነቀንቁት ድምፅ ካሰማ ተከፍቶ እንደገና ይታሸግ። ከመታሸጉ በፊት የእያንዳንዱን ዕቃ ፊትና ጀርባ፣ በተለይም ሰይፎቹንና ያሉበትን ጉዳቶች ፎቶ አንሥተው ከግዢ ደረሰኙ ጋር ያኑሩ፤ ጉምሩክም ሆነ መድን ሰጪ ዕቃው ከመነሣቱ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ቢጠይቅ መልሱ ይኸው ፎቶና ደረሰኝ ነው።